ዕቃ ለሚጠፋባቸውና መርሳት ለበዛባቸው አዛውንቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ዕድሜው የገፋ ሰው ቁልፉን ወይም መነጽሩን ባጣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣበት ሐሳብ «አእምሮዬ እየከዳኝ ይሆን?» የሚል ነው። መርሳት የበሽታ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ይህን ሥጋት ማጣጣል አይገባም። ይሁን እንጂ በየቤቱ ዕለት ዕለት የሚጠፉት ዕቃዎች በአብዛኛው የሚጠፉት የተቀመጡበት ቦታ ከአእምሮ ስለወጣ ሳይሆን፣ መጀመሪያውኑ ሲቀመጡ ልብ ስላልተባሉ ነው። ልብ ያልተባለን ነገር ደግሞ ወጣትም ቢሆን ሊያስታውሰው አይችልም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን መሠረት አድርጎ ስለሆነ፣ አብዛኛው ክፍሉ ዕቃ በሚቀመጥበትና በሚፈለግበት ጊዜ ምን እንደሚደረግ ያስረዳል፤ ቀሪው ደግሞ መርሳቱ ከዚህ ሲያልፍ ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ ያመለክታል።

ማስታወስ ሦስት ሥራዎችን ያቀፈ ነው፤ የገጠመንን መመዝገብ፣ የተመዘገበውን ማቆየት፣ በተፈለገ ጊዜም ማውጣት። አዲስ ነገር በመመዝገብ ረገድ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ሰውየው ለነገሩ ትኩረት ካልሰጠ ግን የሚመዘገበው ጥቂት ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል መረጃን የሚያስተናግድበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መከታተል ይከብዳል፤ የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ ይጠፋና ማሰቡን ሲተዉት ይመጣል። በአንጻሩ የቃላት ሀብት፣ የሕይወት ዕውቀትና እጅ የለመደው ሙያ ብዙም ሳይነኩ ይቆያሉ። ስለዚህ በእርጅና ጊዜ ሊታመንበት የሚገባው ብርቱው ወገን ልማድ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎችም በአብዛኛው የማስታወሱን ሥራ ከአእምሮ ወደ ልማድ ለማዛወር የታሰቡ ናቸው።

መጀመሪያ፦ የሚጠፋውን ዕቃ ይመዝግቡ

ማንኛውንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል የጠፋብዎትን ሁሉ በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሦስት ነገር ብቻ ይበቃል፤ ምን እንደጠፋ፣ የት እንደተገኘ፣ ሲያስቀምጡት ምን ይሠሩ እንደነበር። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ እነዚያው ጥቂት ዕቃዎች እየተመላለሱ ይጠፋሉ፣ የሚጠፉትም በተመሳሳይ ሰዓት ወይም በተመሳሳይ ሁኔታ ነው። ከውጭ እንደተገባ፣ ስልክ በመጣ ጊዜ ወይም እንቅልፍ በተጫነ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይህ ደብተር ሌላም ጥቅም አለው፤ በኋላ ሐኪም ዘንድ መሄድ ቢያስፈልግ «ትንሽ ትንሽ እረሳለሁ» ከሚለው ንግግር ይልቅ እጅግ የሚረዳ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቋሚ ቦታ ይስጡ

ይህን ምክር ሁሉም ሰው ሰምቶታል፤ ብዙዎች ግን ቦታውን በተሳሳተ መንገድ ስለሚመርጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይተዉታል። ቦታውን ሲመርጡ የት ቢቀመጥ እንደሚያምር አያስቡ፤ እጅዎ ዕቃውን በተፈጥሮው የት እንደሚጥለው ይመልከቱ። ቁልፉን ሁልጊዜ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ የሚጥሉ ከሆነ፣ መንጠቆውን በሌላኛው ክፍል ግድግዳ ላይ መስቀል ከራስ ጋር መታገል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ማኖር ይሻላል። ሳህኑ ክዳን የሌለው ይሁን፤ መክፈትና መዝጋት የሚጠይቅ ዕቃ መያዣ እጅ ሙሉ ሲሆን ይታለፋል። ዓይንዎ የደከመ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ከጠረጴዛው የተለየ እንዲሆን ያድርጉ፤ ጥቁር ቁልፍ በጥቁር ሳህን ውስጥ በዓይን ላይታይ ይችላል።

አንድ ቦታ ለአንድ ዕቃ እንጂ ለሁሉም መሆን የለበትም። ሁሉ ነገር የሚጣልበት መሳቢያ ውሎ አድሮ ራሱ ዕቃ የሚጠፋበት ጉድጓድ ይሆናል። መነጽርን በተመለከተ ሁለት ቋሚ ቦታ መስጠት ይቻላል፤ አንዱ አልጋ አጠገብ፣ ሌላው ዘወትር በሚያነቡበት ወንበር አጠገብ፤ ከዚህ ከበዛ ግን ቋሚነቱ ይቀራል። ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ቦታዎቹን ለሁሉም ያሳውቁ፣ ቤት የሚያጸዳው ሰውም ዕቃዎቹን ሲያነሣ እዚያው እንዲመልስ ይስማሙ። የአዛውንቶች ዕቃ ጠፋ ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ሌላ ሰው በቅን ልቦና ማስተካከሉ ነው።

በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ውድ የሆነ ሰነድ፣ ጌጥ ወይም ገንዘብ ሲይዝ «ማንም የማያስበው ቦታ» ፈልጎ ያስቀምጠዋል፤ ከወራት በኋላ ግን እሱ ራሱም አያስበውም። ዩጂን ዊኖግራድና ሮበርት ሶሎዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ዕቃን ባልተለመደ ቦታ ሲያስቀምጡ ቦታውን በቀላሉ እንደሚያስታውሱት ቢገምቱም፣ ውጤቱ ተቃራኒው መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዕቃውና ቦታው በሐሳብ የማይገናኙ ከሆነ አንዱ ሌላውን ሊያስታውስ አይችልም። ስለዚህ ሰነዶችን ሁሉ በአንድ በሚቆለፍ ሣጥን ያኑሩ፤ የሣጥኑን ቦታም ቢያንስ አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቀው።

አዲሱ ልማድ በሳምንት ውስጥ ካልሠመረ ተስፋ አይቁረጡ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የለንደን ጥናት አዲስ የዕለት ተግባር ያለሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት ገደማ እንደወሰደ፣ ከሰው ሰው ያለው ልዩነትም ሰፊ እንደነበረ አመልክቷል። በመካከል አንድ ቀን መዘንጋት ሥራውን ሁሉ አያፈርሰውም።

ሦስተኛ፦ ሲያስቀምጡ ቆም ብለው ይናገሩት

ከውጭ ሲገቡ የሚሆነውን በዝግታ እንየው። በአንድ እጅ ቦርሳ፣ በሌላው ቁልፍ ይዘው በሩን በትከሻ ገፋ አድርገው ይገባሉ፤ በዚያው ቅጽበት ስልክ ይጮኻል፤ የደዋዩን ስም ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋልና ከቦርሳ ያወጡታል፤ ቁልፉ ግን አሁንም እጅ ላይ ነው። እጅ ነፃ መሆን ስላለበት ቁልፉ በአቅራቢያ በተገኘው ነገር ላይ ያርፋል፤ ማቀዝቀዣው ላይ፣ የወንበር መደገፊያ ላይ ወይም ከተጣጠፈ ልብስ መካከል። ልብ ያለው ስልኩ ዘንድ ነው፣ ቁልፉን ያስቀመጠችው እጅ ብቻ ናት። ከሰዓት በኋላ «የት አደረግሁት?» ሲሉ መልስ የሚጠፋው መልሱ ከነጭራሹ ስላልተመዘገበ ነው።

መፍትሔው ሁለት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ዕቃውን ከእጅዎ ከመልቀቅዎ በፊት ቆም ይበሉ፤ ይዩት፤ ከዚያም ድምፅ አውጥተው «ቁልፉን በር አጠገብ ሳህኑ ውስጥ አስቀመጥሁ» ይበሉ። በሹክሹክታ ቢሆንም ይበቃል፣ ዋናው ነገር ቦታውን በስሙ መጥራት ነው፤ «እዚህ አስቀመጥሁ» ማለት ግን አይጠቅምም። ድምፅ አውጥቶ የተነገረ ቃል በዝምታ ከተነበበው ይልቅ በትውስታ እንደሚቆይ በተደጋጋሚ ሙከራ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ግን መናገሩ ትኩረትን ወደ እጅ ይመልሳል። ስልኩ ይጩኽ፤ ደዋዩ መልሶ ሊደወልለት ይችላል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት እርምጃዎች ሁሉ አንድ ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆን እኔ ይህንን እመርጣለሁ፣ ዕቃውን ለማግኘት ከሚደክሙት ይልቅ ለማስቀመጥ የሚደክሙት እጅግ ያነሰ ነውና።

ይህ መናገር ምድጃ ለማጥፋትና በር ለመቆለፍም ያገለግላል። ቤቱን ከለቀቁ በኋላ «ቆልፌያለሁ ወይስ አልቆለፍሁም?» የሚለው ጥርጣሬ የሚመጣው መቆለፉ በየቀኑ አንድ ዓይነት ስለሆነና የዛሬው ከትናንቱ ስለማይለይ ነው። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ በሩን ቆለፍሁ» ማለት የዛሬውን ከሌላው ቀን ይለየዋል።

አራተኛ፦ ከጠፋ በኋላ በሥርዓት ይፈልጉ

ዕቃ ሲጠፋ ወዲያና ወዲህ መሯሯጥ ነገሩን ያባብሳል፤ የተቸኮለ ዓይን ፊቱ ያለውን ያልፋል። መጀመሪያ ቁጭ ብለው ጥቂት ይተንፍሱ። ቀጥሎ ዕቃው ወደሚገባው ቋሚ ቦታ ይሂዱ፤ በዓይን ብቻ አይዩ፣ በእጅዎ እያነሡ ይመልከቱ፤ ከጋዜጣ ሥር፣ ከሳህኑ ጀርባ፣ ከጠረጴዛው ሥር ወለል ላይ። ከዚያ የለበሱትንና ዛሬ ያወለቁትን ልብስ ኪስ ይፈትሹ፤ ራስዎንም ይዳብሱ፣ መነጽር ግንባር ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው።

በእነዚህ ካልተገኘ ወደኋላ ይመለሱ። ዕቃውን መጨረሻ በእርግጥ የያዙት መቼ እንደነበር ይጠይቁና ወደዚያ ክፍል በእግርዎ ሄደው፣ ያን ጊዜ የቆሙበት ቦታ ቆመው፣ ይሠሩት የነበረውን ይከልሱ። ይህ ዝም ብሎ የተነገረ ምክር አይደለም፤ ዳንካን ጎደንና አለን ባዴሊ በ1975 እ.ኤ.አ. ባካሄዱት የታወቀ ሙከራ ጠላቂ ዋናተኞች በውኃ ውስጥ የተማሯቸውን ቃላት ይበልጥ ያስታወሱት እዚያው ውኃ ውስጥ ሲሆኑ፣ በየብስ የተማሯቸውን ደግሞ በየብስ ሲሆኑ ነበር። ቦታው ራሱ ትውስታን ይጎትታል። አንድ ነገር ለማምጣት ሌላ ክፍል ገብተው ለምን እንደገቡ የጠፋብዎት እንደሆነም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ወደተነሡበት ይመለሱ።

እየፈለጉ ሳለ የዕቃውን ስም ደጋግሞ መጥራትም ይረዳል፤ ቃሉ ዓይን የሚፈልገውን ቅርጽ ያስታውሰዋል። አንድ ክፍል ከጨረሱ ጨርሰዋል፤ ሦስት ጊዜ ያዩትን መሳቢያ ለአራተኛ ጊዜ ከመክፈት ይልቅ ሌላ ሰው እንዲያይልዎት ይጠይቁ። በመጨረሻ ዕቃው ሲገኝ ፍለጋውን የጀመሩት ከየት እንደነበር ልብ ይበሉ። መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ አእምሮዎ ለዚያ ዕቃ የሚያውቀው ቦታ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ቋሚ ቦታው እሱ ይሁን።

ይበልጥ ለሚያስፈልጉ ዕቃዎች ቴክኖሎጂም አለ። በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠሉ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙና ሲጠሩ ድምፅ የሚያሰሙ ትንንሽ መሣሪያዎች በቤት ውስጥ ጥሩ ያገለግላሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩት እንደ ሳንቲም ባለ ክብ ባትሪ ስለሆነ ባትሪው ልጆች እጅ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ቢዋጥ ለሕይወት አስጊ ነው። የስልክ መፈለጊያ አገልግሎትም የሚጠቅመው ስልኩ ሳይጠፋ በፊት ከተከፈተ ነው፤ ዛሬውኑ አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲከፍትልዎት ያድርጉ።

አምስተኛ፦ ወደፊት የሚደረገውን ለራስ አያሸክሙ

ዕቃ ከማጣት ይልቅ አደጋ የሚያስከትለው ሊደረግ የሚገባውን መርሳት ነው፤ መድኃኒት፣ ቀጠሮ፣ የተጣደ ድስት። «ነገ አስታውሳለሁ» የሚለው ሐሳብ ብቻውን ደካማ ነው፤ ተግባሩን ሁልጊዜ ከሚደረግ ሌላ ተግባር ጋር ማሰር ግን ያጸናዋል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ በስፋት ያጠኑት ይህ ዘዴ «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ ይነገራል። «ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስጨርስ የደም ግፊት መድኃኒቴን እወስዳለሁ» የሚለው «ጠዋት መድኃኒት እወስዳለሁ» ከሚለው ይሻላል፣ ምልክቱ ራሱ ይመጣልና።

ለመድኃኒት በቀንና በሰዓት የተከፋፈለ የሳምንት ሣጥን ይጠቀሙ፤ በሳምንት አንድ ቀን ከሌላ ሰው ጋር ሆነው ይሙሉት። አንዳንድ መድኃኒቶች ከፋብሪካ ማሸጊያቸው መውጣት ስለሌለባቸው አስቀድመው ፋርማሲስት ይጠይቁ። ሣጥኑ ዋና ጥቅሙ ስላለፈው ማሳወቁ ነው፤ የዛሬው ክፍል ባዶ ከሆነ ተወስዷል። ሣጥን በሌለበት መውሰድዎን ከተጠራጠሩ በግምት አይድገሙ፤ በተለይ ኢንሱሊን፣ ደም አቅጣኝና የልብ መድኃኒት መደገም ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ደውለው ይጠይቁ። የስልክ ማንቂያ ሲጮኽም ተግባሩን ሳይፈጽሙ አያጥፉት፤ «አሁን እነሣለሁ» ብለው ያጠፉት ማንቂያ እንዳልተሞላ ይቆጠራል። ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ካለ ደግሞ ከማእድ ቤት አይውጡ፤ መውጣት ግድ ከሆነ የሰዓት ደወሉን በእጅዎ ይዘው ይውጡ።

ስድስተኛ፦ ሊታከም የሚችል ምክንያት መኖሩን ያጣሩ

መርሳት የበዛበት አዛውንት ሁሉ የመርሳት በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ፣ ብዙ ሰው በፍርሃት ምክንያት ሊታከም የሚችለውን ሳይታከም ይቀራልና። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም ሁለቱም መርሳትን ያመጣሉ፣ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቢ12 መጠንን ሊቀንስ ይችላል። አንዳንድ የእንቅልፍ፣ የጭንቀት፣ የአለርጂና የሽንት ፊኛ መድኃኒቶች በአዛውንት ላይ አእምሮን ያደበዝዛሉ። ስለዚህ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጨምሮ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተው ለሐኪም ያሳዩ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አንዱንም አያቋርጡ፣ በድንገት ሲቆሙ የሚጎዱ አሉና።

ድባቴ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥና የአልኮል መጠጥም እንዲሁ ናቸው። የመስማት መቀነስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመርሳት ጋር ይምታታል፤ በቅጡ ያልተሰማ ነገር የተረሳ ይመስላል። የመስሚያ መሣሪያና ትክክለኛ መነጽር ከሚያስገኙት ምቾት ያለፈ ጥቅም አላቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ከመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነው ከእነዚህ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገምቷል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ እንቅስቃሴ ማነስና ብቸኝነት ይገኛሉ።

በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ መወዛገብ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ትናንት ደህና የነበረ አዛውንት ዛሬ ቀኑንና ሰዉን ካምታታ፣ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የመድኃኒት ጉዳት ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ጭንቅላቱን የተመታ አዛውንትም ከሳምንታት በኋላ መወዛገብ ቢጀምር እንዲሁ ነው፤ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል።

ሰባተኛ፦ ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበትን ወሰን ይወቁ

ቁልፍ የት እንዳለ ማጣት የተለመደ ነው፤ ቁልፉን ይዞ ለምን እንደሚያገለግል ግራ መጋባት ግን የተለመደ አይደለም። የአንድን ሰው ስም ረስቶ በኋላ ማስታወስ አያስጨንቅም፤ በሚገባ በሚያውቁት መንገድ መጥፋት፣ አንድን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ለዓመታት ይሠሩት የነበረውን የሒሳብ ወይም የቤት ውስጥ ሥራ መሥራት አለመቻል፣ ዕቃን ፈጽሞ በማይገባ ቦታ ማስቀመጥና እርምጃን ወደኋላ መከለስ አለመቻል ግን ለሐኪም ሊነገሩ ይገባል። ሌላው ምልክት ሰውየው ራሱ ምንም እንዳልሆነ እየተናገረ ቤተሰቡ ግን ሲጨነቅ መታየቱ ነው፤ በተቃራኒው ረሳሁ ረሳሁ እያለ የረሳውን ሁሉ በዝርዝር የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ በየዕለቱ የሚያይዎትን ሰው ይዘው፣ የመጀመሪያውን ደብተር አስከትለው ይሂዱ፤ ለውጡ መቼ እንደጀመረና ከስድስት ወር በፊት ምን ይመስል እንደነበር ይጠየቃሉ።

ለቤተሰብ

ወላጅዎ ዕቃ ሲጠፋበት «አሁን ነግሬህ አልነበር?» ማለት ትውስታን አይመልስም፤ ያሳፍራል እንጂ፣ ያፈረ ሰው ደግሞ መርሳቱን መደበቅ ይጀምራል። መርሳቱ በበሽታ ደረጃ ከደረሰ ውንጀላም ሊከተል ይችላል። እናት ልጇን «ቦርሳዬን ወስደሽብኛል» ስትላት፣ ልጅቱ «እኔ አልወሰድሁም» ብላ ብትከራከር የሚያሸንፍ የለም፤ «እማዬ፣ ሲጠፋ እንደሚያናድድ ይገባኛል፤ ነይ አብረን እንፈልገው» ብትላት ግን ቁጣው ይበርዳል፣ ፍለጋውም ይጀመራል። ሲገኝም «አየሽ፣ እዚሁ ነበር» ማለት አያስፈልግም።

በዚህ ደረጃ ላለ ሰው የዘወትር መደበቂያ ቦታዎችን ለይተው ይወቁ፤ የትራስ ልብስ ውስጥ፣ የጫማ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር፣ ባልታጠበ ልብስ መካከል። የመነጽርና የቁልፍ ተጨማሪ ቅጂ ያዘጋጁ። የመስሚያ መሣሪያና ሰው ሠራሽ ጥርስ በወረቀት ተጠቅልለው የሚጣሉበት ጊዜ ስላለ የቆሻሻ ቅርጫቱን ከመድፋትዎ በፊት በእጅዎ ይፈትሹ፤ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ሁልጊዜ በሚለበሰው ልብስ ኪስ ውስጥ ይኑር።